የሚስተር ቨርን ሚስት ጠመንጃ

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
መስከረም 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

በሽተኛ ማዳን አልበቃ ብሏት ዳክዬ ማደን ለጀመረችው ለልጅ ልጄ ለእሌኒ፦

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የጉልበቴን አቤቱታ እዚህ ብጽፈው ወረቀት ስለማይበቃ ትቼዋለሁ። እናትሽ ሣህሊቱ ደህና ናት። ማክሰኞ መንገድ ሲጠረግ መኪናዋን ከሱቋ ፊት ማንሣት ትረሳለች፤ ይቀጧታል፤ ረቡዕን ስታኮርፍ ትውልና ሐሙስ ትስቃለች። ወዳጄ ዳኛቸውም ያው ነው። ከፓልምስ ሰፈር በአውቶቡስ እየመጣ፣ የሱቁ በር ላይ ያኖርኩት ወንበር ላይ እኔን ቀድሞ ይቀመጣል።

ስልክ ለምን አታነሣም ብለሽ ተቆጥተሻል። ይቅርታሽን፤ አነሣለሁ እንጂ አልሰማም። ሣህሊቱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ “እሌኒ ናት! እሌኒ ናት!” ስትል የሚሰማኝ የእሷ ጩኸት ብቻ ነው። ጆሮዬን የዝዋይና የቆቃ ተኩስ በልቶታል። ስለዚህ ጻፊ። በዘጠኝ ዓመትሽ ከአዲስ አበባ ስትመጪ፣ እዚያች የፓርኪንግ ጎጆዬ ውስጥ አስቀምጬ፣ መኪና በገባ በወጣ ቁጥር እየተነሣሁ ፊደል ያስጠናሁሽ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለዳክዬ አሥራ ሁለት ጌጅ ጠመንጃ ይሻላል ወይስ ሃያ ነው ያልሽኝ። ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ እንደሚጠብ ታውቂያለሽ። ሃያው ቀጭን ነው፤ በአንዱ ጥይት ውስጥ የሚይዘው የእርሳስ ፍሬም ያንሳል። ግን ቆይ። ሃያ የሚባለውን ነገር ማን ነገረሽ?

እሺ፣ ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ “ሚስተር ቨርን” የሚለውን በእርሳስ እያሰመርኩ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። “አባባ” የሚለው አራት ጊዜ፤ ከአራቱ አንዱ ፖስታው ላይ። ሚስቱን ስትታመም ቤቱ ድረስ እየሄድሽ እንዳስታመምሽለት ጽፈሽልኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማር። አሁን ደግሞ የሩዝ ማሳው ዳር ወዳለው መሸመቂያ ይዞሽ እየሄደ ጠመንጃ አያያዝ ያስተምርሻል። ጥሩ ሰው ይሆናል። መጥፎ ነው አላልኩም። ግን “እሳቸው እንዳሉት፣ እሳቸው እንዳሳዩኝ፣ እሳቸው ከነውሻቸው” ብለሽ ጽፈሽ ስታበቂ፣ ለእኔ “አንተ ግን ጉልበትህ እንዴት ነው” ትያለሽ! ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። እሱ ስንቱ ነው? ሰባ ዘጠኝ? ልጅ ነው እንግዲህ።

ምክሬ ይኸውልሽ፦ አሥራ ሁለት። ሃያ የሕፃን መጫወቻ ነው። እኔ በሐይቅ ዳር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከአሥራ ሁለት በቀር ትከሻዬ ላይ አስጠግቼ አላውቅም። ካላመንሽ ዳኛቸውን ጠይቂው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስነግረው ሰምቷል።

አያትሽ ሰይፈሥላሴ


ዊሎውስ፣ ካሊፎርኒያ
ሴፕቴምበር 19፣ 2014

አባባዬ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ሥራ ቦታ በዕረፍት ሰዓቴ ከፍቼ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ሐና የምትባለው ጓደኛዬ “ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ። አያቴ የሰማንያ ዓመት ቀናተኛ ነው አልኳት። ተሳሳትኩ፣ ሰማንያ አንድ።

ስማ፣ አንተን “አንተ” የምልህ የእኔ ስለሆንክ ነው። ሚስተር ቨርን የእኔ አይደሉም፤ ስለዚህ “እሳቸው” ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ? ኦኬ፣ ከአሁን በኋላ ስማቸውን እቀንሳለሁ።

ያልጠየቅከኝንም ልመልስ። አዎ፣ የአዳኝ ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ ፈተናውንም ፓስ አድርጌ ፈቃድ አውጥቻለሁ። አይ፣ ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት። የአደን ወቅቱ ኦክቶበር 18 ቅዳሜ ይከፈታል። አንድ የማታውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ ለውሃ ወፍ እርሳስ መተኮስ በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል። ዳክዬዎቹ ከጭቃው ውስጥ እየለቀሙ ስለሚመረዙ ነው። አሁን የሚተኮሰው የብረት ፍሬ ነው፤ ብረት ደግሞ ከእርሳስ ይቀላል፤ ሩቅ ላይ ጉልበት ያጣል። ሶ፣ ብዙ ሰው አሥራ ሁለት የሚይዘው ለዚያ ነው። ግን እሳቸው (ይቅርታ) የሚሉት፣ ውሃው ላይ የፕላስቲክ ዳክዬ አንሳፍፈን ስለምንሸምቅ እውነተኞቹ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ይቀርባሉ፤ በዚያ ርቀት ሃያ ይበቃል፤ እኔ ደግሞ አምሳ ኪሎ ስለማልሞላ አሥራ ሁለት ይከብደኛል።

ለመጻፍ የፈራሁትን ልጻፈው። ማክሰኞ ዕለት ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው አንድ ጠመንጃ አወጡ። ሃያ ነው። የሚስታቸው የጆይስ ነበር። እንጨቱ እጇ ይይዘው የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ጠቁሯል። ጆይስ በቁመትም በክብደትም እኔን ታክል ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ሳስጠጋው ለእኔ የተለካ ይመስላል። “አንቺ ብትይዢው ደስ ይለኛል” አሉኝ። እኔ አያቴን ልጠይቅ አልኳቸው። “ጥሩ ነው፤ ጠይቂው” አሉ።

ሶ፣ እየጠየቅኩህ ነው። ልቀበል?

ደግሞ የመጀመሪያዋን ዳክዬህን እንዴት እንደመታሃት ጠይቄህ አልመለስክልኝም።

እሌኒ


ፌርፋክስ
መስከረም 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእሌንዬ፣

ሰላምታው እንደ ባለፈው ይሁንልኝ፤ ዛሬ ነገር በልቤ ስላለ ቶሎ ልድረስበት።

ሠላሳ እርምጃ ድረስ ይመጣሉ አልሽኝ? ቀጠሮ አላቸው? ዳክዬ የፕላስቲክ ዘመዱን ሊጠይቅ እንዲህ ተቻኩሎ የሚመጣ ከሆነ ጠመንጃው ለምን ያስፈልጋል? በእጅሽ ያዢው። ደግሞ ብረቱ ከእርሳስ ይቀላል፣ ሩቅ ላይ ይደክማል ያልሽው ለእኔ መሰከረልኝ እንጂ ለእሱ አልመሰከረም። ፍሬው ቀላል ከሆነ ብዙ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ብዙ ፍሬ የሚይዘው አሥራ ሁለት ነው። ይህን ለመረዳት ሩዝ ማምረት አያስፈልግም።

የሟች ሚስቱን ጠመንጃ በተመለከተ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ይህን ተረት ሰርግ ላይ ብቻ የሚጠቅሱት ሰዎች ተሳስተዋል። ግን ቁርጥ ያለ ክልከላ አልከለክልሽም። እንደ ደንባችን አድርጊ። የጨዋ ልጅ የቀረበላትን ሁሉ አፏን ከፍታ አትቀበልም። “አይ፣ አይሆንም፣ የጆይስ ነው” በይው። ከልቡ ከሆነ ይደግምልሻል። አሁንም አይሆንም በይ። ይሠልሳል። በሦስተኛው ጊዜ፣ እንግዳ “በሞቴ” ሲባል እንደሚጎርሰው፣ እያፈርሽ ተቀበይው። በመጀመሪያው አይሆንም ላይ ዝም ካለ ግን ነገሩ ከአፍ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ አንቺም የልቡን አወቅሽ፤ እኔም አወቅሁ። ሰው የሚለካው በሚስቱ ጠመንጃ አይደለም፤ ስንት ጊዜ በሚለምነው ነው።

ሣህሊቱ እስካሁን አላወቀችም። ብታውቅ የምትለውን ግን እኔ አውቃለሁ፦ “እኛ ዳክዬ አንበላ፤ ለማን ነው የምትገድለው?” ትላለች። መልስ አዘጋጂ። የሚበላው እሱ ነው አትበያት፤ ይብስባታል።

ስለ መጀመሪያዋ ዳክዬዬ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ እጄ ደክሟል።

አያትሽ


ዊሎውስ
ኦክቶበር 1፣ 2014

አባባ፣

ሥራ ስለበዛብኝ አሳጥራለሁ፤ ይቅርታ።

እንዳልከኝ አደረግሁ። “አይ፣ አይሆንም፣ የጆይስ ነው” አልኳቸው። “ኦኬ” አሉ። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠርገው ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሰው ቆለፉበት። ከዚያ ዘንድሮ ዝናብ እንደጠፋ፣ ግማሹ ማሳ ውሃ እንዳላገኘ አወራን። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ለመክፈቻው ቀን ከሐና ባል አሥራ ሁለት ተውሻለሁ። ቅዳሜ ወደ ሰማይ የሚወረወር ሸክላ ወደሚተኮስበት ሜዳ ሄጄ ፕራክቲስ አደረግሁ። ጥሩ ነበር።

ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ብዕሩ ነው።

እሌኒ


ፌርፋክስ
መስከረም 23 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእሌንዬ፣

አላልኩሽም? “ኦኬ” አለ! አንድ “አይሆንም” ሰምቶ “ኦኬ”! ደብዳቤሽን ለዳኛቸው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። (ጮክ ማለቴን ያወቅሁት መንገድ ተሻግሮ ያለው ሰውዬ ሲዞር አይቼ ነው።) ዳኛቸውም “የኔታ፣ ይሄ ሰውዬ አንዲት ጉርሻ እንኳ አጉርሶ አያውቅም” አለልኝ። በደስታ ወንበሬን ለቀቅኩለት። ቀኑን ሙሉ እንደ ሙሽራ ነበርኩ።

ማታ ግን ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት።

ብዕሩ ነው ብለሻል። ልጄ፣ ያን ፊደል እኮ እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ። “ሀ” ስትጽፊ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታዘነብያለሽ፤ አሁን ሁሉም ወደ ግራ ወድቀዋል። “ጨ” ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ ብዕርሽን አንሥተሻል። ይህ የግራ እጅ ጽሑፍ ነው። አንቺ የምትጽፊው በቀኝ ነው።

ትከሻሽ ምን ሆነ? ስንት ጥይት ተኮስሽ? ሰደፉ ይረዝምብሻል? ጉንጭሽን ይመታሻል? ጠመንጃው ከመተኮሱ በፊት ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ? የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ መልሺልኝ።

አይ፣ ከቀለድኩብሽ በኋላ እንዴት ትመልሺልኛለሽ። ተይው። አትተይው። ቶሎ መልሺ።

አያትሽ


ዊሎውስ
ኦክቶበር 7፣ 2014

አባባ፣

አዎ፣ ግራ እጄ ነው። ይህን የምጽፈው በቀኙ ነው፤ በየመስመሩ አርፋለሁ።

ትከሻዬ ከአንገቴ ሥር እስከ ክንዴ ጠቁሯል። አሁን ቢጫ እየሆነ ነው። በሽተኛ ማንሣት ስለማልችል ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ። ከሃምሳ ሸክላ የመታሁት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም እንዴት እንደመታኋቸው አላውቅም፤ ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር። ሰደፉም ይረዝምብኛል። ሁሉንም አወቅክ እኮ! ከዚያ ከፌርፋክስ ቁጭ ብለህ ሁሉንም ካወቅክ አሥራ ሁለት ያዢ ያልከኝ ለምንድን ነው?

ትከሻው ይድናል። ያልነገርኩህ ሌላው ነው። ሚስተር ቨርን ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም። ሁልጊዜ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ትራካቸውን ፓርክ አድርገው ይጠብቁኝ ነበር። ሐናን መንገድ ላይ አግኝተዋት “ምን በደልኳት?” ብለው ጠየቋት። ዘንድሮ መሸመቂያው አልገባም ብለዋል። ጠመንጃውን ደግሞ ከሬኖ ከተማ የሚመጣ የወንድማቸው ልጅ በ16ኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሊወስደው ነው። ሰውየው አያድንም፤ ይሸጠዋል።

እዚህ አገር “አይሆንም” ካልክ አልፈልግም ማለትህ ነው። እኔ እኮ ይህን አውቃለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ። በሽተኞቼን አንድ ጊዜ ጠይቄ መልሳቸውን አከብራለሁ። ግን አያቴ ብሏል ብዬ፣ አንድ ሽማግሌ የሞተች ሚስቱን ዕቃ ዘርግቶልኝ ቆሞ፣ በልቤ አንድ እየቆጠርኩ ሁለትን ጠበቅሁ። ሁለት አልመጣም። ፊታቸውን አላየህም።

ለምን አደን እንደጀመርኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ባለፈው የብርድ ወቅት ጆይስን ላስተኛ መስኮቱን ስዘጋ ዳክዬዎች በጣሪያው ላይ አለፉ። ያ የክንፋቸው ፉጨት፤ አንተ በፓርኪንጉ ጎጆ ውስጥ በከንፈርህ ታሰማኝ የነበረው። ቁርጥ እሱ ነው። በረንዳ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ሚስተር ቨርን ወጥተው “ቀርበሽ መስማት ትፈልጊያለሽ?” አሉኝ። ከሳቸው ጎን የተቀመጥኩት አንተን ፍለጋ ነው፤ አንተ ደግሞ በሳቸው ቀናህ።

አንድ ነገር በእውነት ንገረኝ። የመጀመሪያዋን ዳክዬህን ስጠይቅህ ለምን ትሸሻለህ?

እሌኒ


ፌርፋክስ
መስከረም 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ እሌኒ፣

ሰላምታ ለመስጠት ፊት የለኝም። አንዱን ደብዳቤ አንቺ አንብቢው፤ ሁለተኛውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ለሚስተር ቨርን አንብቢለት። ከሐሙስ በፊት።

እውነቱ ይኸውልሽ። አሥራ ሁለት ተኩሼ አላውቅም። በዝዋይና በቆቃ ተኳሾቹ ከውጭ የሚመጡት እንግዶች ነበሩ፤ አሥራ ሁለቱም የእነሱ ነበር። እኔ ጀልባ ቀዛፊ፣ ጠመንጃ ተሸካሚ፣ የወደቀ ወፍ ለቃሚ ነበርኩ። ጆሮዬን የበላው የእነሱ ጠመንጃ ነው፤ አጠገባቸው ቆሜ። አንዱ እንግዳ አንድ ቀጭን ሃያ ነበረው፤ “የሴት ጠመንጃ ነው” ብሎ ይስቅበት ነበር። ቆስላ በሸምበቆ ውስጥ የምትደበቀውን ጨርስበት ብሎ ለእኔ ጣለልኝ። የመጀመሪያዋን ዳክዬ ግን ቆስላ አይደለም የመታኋት። ሦስቱ እንግዶች ተኩሰው ሳቷት፤ በጀልባው ላይ ስታልፍ ቀና ብዬ በሃያው ጣልኳት። እነሱ ተያዩ። ከዚያ አንደኛው “የእኔ ናት” አለ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡለት። እኔ ዋኝቼ አምጥቼ ሰጠሁት።

ፌርፋክስ ስመጣ ይህን ታሪክ ማን ይሰማዋል? አሥራ ሁለቱን በወሬ የራሴ አደረግሁት። ሠላሳ ዓመት ስለው እኔም አመንኩት። አንቺ ሃያ ወይስ አሥራ ሁለት ብለሽ ስትጽፊ፣ ለአንቺ የሚሆነውን አውቀው ነበር፤ አጥንትሽን አውቃለሁ። ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ ከፕላስቲኮቹ በላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ሊያርፉ ሲሉ፣ ሃያ ይበቃል። በብረትም ይበቃል፤ ርቀቱን መጠበቅ ብቻ ነው። የሚያሳምምሽ ጠመንጃ ዓይንሽን ያስጨፍንሻል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ደግሞ መድፍ ቢይዝም ሰማይ ነው የሚመታው። ይህን ሁሉ አውቄ ነው አሥራ ሁለት ያልኩሽ። ሃያ ያለው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ሃያን ለአንቺ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የምሰጠው ግን የለኝም። እሱ አለው።

ይቅር በይኝ። ዛሬ ባትችይ እጠብቃለሁ፤ ብዙ ባታቆዪኝ ደስ ይለኛል እንጂ።

ቀጥሎ ያለው የእሱ ነው።

*

ይድረስ ለክቡር አቶ ቨርን፣

አላውቅዎትም፤ ግን ከመስከረም ወር ጀምሮ ቀንቼብዎታለሁ። ስለዚህ ጥቂት የማውቅዎት ይመስለኛል።

ስለ ባለቤትዎ ስለ ወይዘሮ ጆይስ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ቃል ቀድሜ መጻፍ ሲገባኝ በዘገየሁበት አፍራለሁ።

“አይሆንም” ያለችዎት እሌኒ አይደለችም። እኔ ነኝ፤ በእሷ አፍ። በእኛ ዘንድ ስጦታ ሲቀርብ መጀመሪያ እምቢ ይባላል፤ ሰጪው ይደግማል፤ ተቀባዩ ያፍራል፤ ሰጪው ይለምናል። ሁላችንም እምቢታው እውነት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ምግቡም በመካከሉ ይቀዘቅዛል። እርስዎ ይህን እንደማያውቁ አውቅ ነበር። አውቄ ነው እንድትፈትንዎት ያደረግሁት፤ እንዲወድቁልኝ ፈልጌ። ወደቁ፤ ደስ አለኝ። አሁን በዚያ ደስታዬ ተጸጽቻለሁ።

የልጅቱ ትከሻ የተጎዳው በእኔ ምክር ነው። እርስዎ ያሉት ልክ ነበር፤ ሃያ ነው ለእሷ የሚገባት። ይህን በጽሑፍ የሚያምን አዳኝ ብዙ አያገኙም፤ ወረቀቱን ያኑሩት።

ጠመንጃውን መልሰው ይስጧት ብዬ ለመለመን አፍ የለኝም። ግን እለምናለሁ። ለወንድምዎ ልጅ አይስጡት። ቅዳሜም ቤት አይቅሩ፤ እሷን ብቻዋን ውሃ ዳር አይላኳት። ከጎኗ መቆም የምፈልገው እኔ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ከአልጋ እስከ ወንበር ነው የሚያደርሰኝ። እርስዎ ይቁሙልኝ። በሞቴ።

የመጨረሻውን ቃል እሌኒ መተርጎም ካቃታት እንዲሁ ይስሙት።

ሰይፈሥላሴ


ዊሎውስ
ኦክቶበር 15፣ 2014

አባባዬ፣

ደብዳቤህ ትናንት ነው የደረሰኝ። ለራሴ የጻፍከውን መኪና ውስጥ አነበብኩ። ምን እንደተሰማኝ አሁን አልጽፍልህም፤ ስመጣ ፊትህን እያየሁ እነግርሃለሁ። የዋኘኸውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሚስተር ቨርን ድራይቭ አደረግሁ። በረንዳ ላይ ነበሩ። እንዲያስገቡኝ አልጠበቅሁም፤ እዚያው ቆሜ አነበብኩላቸው። “ቀንቼብዎታለሁ” የሚለው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። “ወረቀቱን ያኑሩት” የሚለው ላይ ሳቁ፤ ከመስከረም ወዲህ ሲስቁ አላየሁም። “በሞቴ” ላይ ስደርስ ቆምኩ። “ከሞትኩ ማለት ነው... ለሞቴ ሲሉ...” ብዬ ስንተባተብ ደንግጠው ተነሡ፤ “ታሟል እንዴ?” አሉ። አይ፣ ደህና ነው፤ እንዲህ ነው የምንለምነው አልኳቸው። “ለጠመንጃ?” አሉ። ለእንጀራም ቢሆን አልኳቸው።

ከዚያ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ “ሦስት ጊዜ ማለት እንደሚኖርብኝ አላወቅሁም። ባውቅም አልችልም ነበር። ያችን አንዷን ለማለት ትራኩ ውስጥ ብቻዬን አንድ ሳምንት ተለማምጃለሁ።”

አባባ፣ አንድ ሳምንት።

ገብተው ለወንድማቸው ልጅ ደወሉ፤ እንዳይመጣ ነገሩት። ሲመለሱ ጠመንጃውን ይዘው ነበር። “ውሰጂ” እንኳ አላሉም። ክንዴ ላይ አስቀመጡትና ሄደው ውሻውን ማበጠር ጀመሩ። የባለቤትነት ወረቀቱን በጠመንጃ ሱቅ በኩል እናዞራለን፤ እስከዚያ ብድር ነው፤ ቅዳሜም ከጎኔ ናቸው።

እኔም እምቢ አላልኩም።

የዳክዬህን ታሪክም ነገርኳቸው፤ ጠይቂው ያሉኝ አለ፦ ያቺ በጀልባው ላይ ያለፈችው ዳክዬ ምን ያህል ከፍታ ላይ ነበረች?

እሌኒ


ፌርፋክስ
ጥቅምት 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

አርባ እርምጃ። በለው። ሠላሳ አምስትም ልትሆን ትችላለች፤ አርባ በለው።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ሣህሊቱ የላክሽላትን ሥዕል ከነስልኳ አፍንጫዬ ድረስ አምጥታ “ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ። አንቺ ነሽ፤ እስከ ጭንሽ ጭቃ፤ አንገቱ አረንጓዴ የሆነ ወንድ... ወፏን ማለቴ ነው፣ ወንድ ዳክዬ ይዘሻል። መንገር የነበረብሽ አንቺ ነሽ፤ የተቆጣችው እኔን ነው። ከተቆጣች በኋላ ግን ሥዕሉን ለደንበኞቿ ሁሉ ስታሳይ ዋለች። ለሚጠይቋት “አንበላውም፤ ልጄ ናት የመታችው” ትላለች፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

ለዳኛቸው እኔ ራሴ ነገርኩት፤ አንቺ ቀድመሽ እንዳትነግሪብኝ ብዬ። “ሃያ ነበር” አልኩት። ያልሰማ መስሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ “ታዲያ ሦስት ፈረንጅ የሳታትን በሃያ ከመታህ አሥራ ሁለቱን ምን ብለህ ትፎክርበት ነበር፣ አንተ ሞኝ!” አለኝ። ሠላሳ ዓመት የተሻለውን ታሪክ ደብቄ የባሰውን ስናገር ኖሬአለሁ።

አሁን ሥዕሉን ፊቴ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ፤ ሣህሊቱ በወረቀት አሳትማልኛለች። በስተግራ ጠርዙ ላይ የአንድ ሰው ክንድና ግማሽ ባርኔጣ ይታያል። ቀሪውን ቆርጦ የጣለው ስልኩ ነው። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፤ እንኳን ተቆረጠ አልኩ። እውነቱን እንድነግርሽ ከጠየቅሽኝ ወዲህ መዋሸት ስላቃተኝ ነው የምነግርሽ። አዎ፣ አሁንም እቀናለሁ። ጠመንጃውን ስታነሺ ያየሽ እሱ ነው። ዓይንሽ ተከፍቶ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነው። ወፏ ስትወድቅ መጀመሪያ የጮኸው እሱ ወይም ውሻው ነው። እኔ በዚያች ሰዓት እዚህ ቁጭ ብዬ ጫማዬን በየትኛው እግር እንደምጀምር እያሰብኩ ነበር።

ስለዚህ ጻፊልኝ። ከመሸመቂያው ስትገቡ ጀምረሽ ውሃው ላይ እስክትወድቅ። አታሳጥሪ። ክንፋቸው ከየት በኩል እንደተሰማ፣ ቃታውን ስትስቢ ትከሻሽ ምን እንዳለሽ፣ ስንት እርምጃ እንደነበረች። እሱንም ጻፊልኝ። ምን እንዳለ፣ የት ጋ እንደቆመ፣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር፤ ሙሉውን ባርኔጣ። እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ የቆመው እሱ ነው፤ እሱን ከተውሽብኝ አንቺን የማይበት ቦታ አይኖረኝም።

አያትሽ ሰይፈሥላሴ